የሦስተኛው ዘፈን ሳል

ሰብሳቢዎች ይመጣሉ፣ ከቦጎታ፣ ከማድሪድ፣
ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ ሸክላዬን ለመውሰድ።
ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት፣ ሁሌም ያው ነው ጥያቄ፦
«ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያ ሳል የማን ነው?» ሲሉ፣
ከመልሴ በፊት ይቀድመኛል ሣቄ።

አንዱ ጽፎ አሳትሟል፦ «ሳሉ የምስጢር ምልክት ነው፣
ወታደሮች ከደጅ ናቸው፣ ተጠንቀቁ ማለት ነው።»
ሌላው ደግሞ፦ «ጊታር መቺው ሳንባውን ታሞ ነበር፣
የስንብቱ ድምፅ ነው» ብሎ፣ እያነባ ሲናገር፣
ዝም አልኩት። ዕንባ ሲፈስ እርማት አይሰጥምና።
ጊታር መቺው ዛሬም አለ፤
ጥርሱ ነው እንጂ የሄደው፣ ሳንባው ጤና።

ዘመኑ ስድሳ አራት ነው፣ የጓያኪል የዝናብ ወር፣
የበር ጣውላ ውሃ ጠጥቶ በመቃኑ ሲሰነቀር።
ጫማ ሻጩ ዶን ኢላሪዮ፣ ከሱቁ በላይ ባለች ክፍል፣
አንድ ማይክራፎን ገዝቶ «ስቱዲዮ ከፈትኩ» ሲል፣
ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ፤
ከበሮ አልነበረንም፣ የብስኩት ጣሳ እንጂ፣
በማንኪያ እስኪበሳ ድረስ።

እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሥራዬ መስኮቱን ማፈን ነው፤
ሚስማሩ ወልቋል፣ ብርድ ልብሱን ጀርባዬ ነው የደገፈው።
አቧራው ካፍንጫዬ ገብቶ፣ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ፣
ሁለት ዘፈን ሙሉ ዋጥኩት፤ ሦስተኛው ላይ አሸነፈኝ።

ኡሁ!

ዶን ኢላሪዮ ጸጉሩን ያዘ። ቴፑም አልቋል፣ ገንዘቡም።
ሶኮሮ ግን ስንኟን አልቆረጠችም፣ ፊቷን አላዞረችም፤
በሳሌና በቀጣዩ ቃል መሃል ትንሽ አየር ሳበች፣
ሳሌን እንደ ወንዝ ድንጋይ ረግጣው ተሻገረች።

ሶኮሮ ኪኞኔስ፣ የሙዝ ጫኝ ልጅ፣ የኤስሜራልዳስ ሰው።
አሁን ሽፋኑን ተመልከቱ፦ አበባ ጸጉሯ ላይ የሰካችው፣
ፈካ ያለ ፊቷን ለካሜራ የሰጠችው፣
እሷ ዘፋኟ አይደለችም። «ጥቁር ፊት አይሸጥም» ብሎ፣
አከፋፋዩ ከኪቶ በስልክ ትእዛዝ ጥሎ፣
ፊሎሜናን፣ የማዕዘኑን ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ፣
በአምስት ሱክሬ ተዋሷት፤ ድምፁ ከታች፣ መልኩ ከላይ።

ሸክላው ወጣ። ተሸጠ። ሰዉ ከፋርማሲው በራፍ፣
አስፕሪን ሊገዛ እየመጣ፣ ያስፈርም ጀመር በሰልፍ።
ፊሎሜና ምን ታድርግ፣ «እኔ አይደለሁም» ማለት ሰለቻት፤
አንድ ቀን ብዕር አነሣች፣
«ሶኮሮ» ብሎ እጇ ጻፈላት።

ቅዳሜ ነበር፣ ዝናብ ነበር። አንዲት ሴት ከሰልፉ ጫፍ ቆማ፣
ሸክላዋን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ራሷ ረጥባ እስከ ጫማ፣
ተራዋ ሲደርስ ዘረጋችው፦ «ይፈርሙልኝ፣ እመቤቴ፤
ይህን ዘፈን ሳትሰማ አትተኛም እናቴ።»

የፊሎሜና ብዕር ቆመ። ቃሉ አይደለም፣ ድምፁ ነው፤
በቀን ሃያ ጊዜ በሬዲዮ፣ «የአንቺ ነው» እየተባለች የምትሰማው።
ማን ቀድሞ እንደሳቀ ሁለቱም አልተስማሙበትም።
እኔ እዚያው ነበርኩ፣ የሳል ሽሮፕ ልገዛ፤ አልዋሽም።
አንዷ ጻፈች፦ «ለሶኮሮ፣ ከፊትሽ።»
ሌላዋ ከሥሩ፦ «ለፊሎሜና፣ ከድምፅሽ።»

ይኸኔ እኔን አሳለኝ።
ሶኮሮ ዞረች። ጣቷን ቀስራ፦ «ሦስተኛው ዘፈን!» አለችኝ፤
ብዕሩን ከእጄ አኑራ፣ «አንተም አለህበት፣ ፈርም» አዘዘችኝ።
ስሜን በወጉ መጻፍ አልችልም፤ እንደ ሸረሪት እግር
ሞነጫጨርኩት፣ ከሁለቱ ስሞች ሥር።

ትናንት የመጣው ሰብሳቢ ሽፋኑን ገልብጦ አየና፣
«ይህ የልጅ ሙንጭርጭር ባይኖርበት፣ እጥፍ ያወጣ ነበር» አለና፣
ጓንቱን አወለቀ።
አቧራውን እፍ ብዬ ከሣጥኑ መለስኩት፤ አልሸጥኩትም።
ሳሌ መጣ።
አልዋጥኩትም።